በ45 ዓመት ቀበቶ ማሰር ዕድል ነው ወይስ ችሎታ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ፒያሳ አካባቢ ባለች ፀጉር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ ቦክስ እያየን እንከራከራለን። እኔ ጆርጅ ፎርማን በ45 ዓመቱ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው በችሎታው ነው እላለሁ። ጓደኞቼ ግን «ዘጠኝ ዙር ሲደበደብ ቆይቶ አንዲት ቡጢ ቀናችው» እያሉ ይስቁብኛል። ከሁሉም የባሱት አንድ ጋሼ ናቸው፤ «አሊ የዘረረው ሰውዬ አይደለም እንዴ?» ሲሉኝ መልስ አጣለሁ። እስቲ ፍረዱን። (ከጎንደር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም የፎርማን ወገን ነኝና ዳኝነቴን ብትጠራጠር አልቀየምህም።

ጋሼ ልክ ናቸው፣ አሊ ዘርሮታል። ጥቅምት 1967 ዓ.ም.፣ ኪንሻሳ፤ እዚህ ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ፎርማን ያኔ የ25 ዓመት ጎረምሳ ነው። 40 ጊዜ ገጥሞ 40ውንም አሸንፏል፣ 37ቱን በዝረራ። ጆ ፍሬዘርን የሚያክል ሰው በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ መሬት ላይ አንጥፎታል። እንዲህ የለመደ ሰው ትዕግሥት ከየት ያመጣል? አሊ ገመዱን ተደግፎ አስመታው፣ ፎርማን ክንዱ እስኪዝል መታ፣ በስምንተኛው ዙር ራሱ ተዘረረ። (የሰውዬው ነገር ጥቅምት ላይ ይበዛል። የኦሎምፒክ ወርቁንም ያገኘው ጥቅምት 1961፣ ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን ባሸነፈ ሰሞን ነው።)

በ1969 በጂሚ ያንግ ተሸነፈና ጓንቱን ሰቀለ። ሰባኪ ሆነ፣ አሥር ዓመት ቦክስ የሚባል ነገር አልነካም። በ1979 ለወጣቶች ማዕከሉ ገንዘብ ፍለጋ ሲመለስ ከ120 ኪሎ በላይ ይመዝን ስለነበር ያልሳቀበት የለም።

የተመለሰው ግን ሌላ ሰው ነው። በመጀመሪያው ዙር ጨርሼ ልውጣ የሚለው ጥድፊያ የለም። ክንዶቹን ፊቱ ላይ አጣምሮ ይከላከላል። በየዙሩ እረፍት ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። በ1983 ከወቅቱ ሻምፒዮን ከሆሊፊልድ ጋር አሥራ ሁለቱንም ዙር ቆሞ ጨርሶ በነጥብ ተሸነፈ፤ ዕድሜው 42 ነበር።

አሁን ወደ ክርክራችሁ። ጥቅምት 1987፣ ላስ ቬጋስ። ሻምፒዮኑ ማይክል ሞረር 26 ዓመቱ ነው፣ ግራ እጁን ከኋላ አድርጎ የሚመታ አስቸጋሪ ቦክሰኛ፣ ተሸንፎ አያውቅም። ፎርማን ኪንሻሳ ላይ የተዘረረባትን ቀይ ቁምጣ ለብሶ ገባ። ያኔ አሊን ይመክር የነበረው አንጄሎ ዱንዲም አሁን ከእሱ ጋር ነው! ጓደኞችህ እውነታቸውን ነው፣ እስከ ዘጠነኛው ዙር በሦስቱም ዳኞች ነጥብ ሞረር ይመራ ነበር። ግን ቅዳሜ ደግማችሁ ስታዩት ዓይናችሁን ከፎርማን ግራ እጅ አታንሱ። ሲመታ ብቻ አይደለም፣ ሰውዬው የት እንደሚቆም እየለካ ነው። ሞረር ደግሞ እየመራ ስለነበር ተዝናና፣ ከፊቱ መቆም አበዛ። አሥረኛው ዙር ላይ ግራ፣ ወዲያው ቀኝ። ከዚያ አንዴ እንደገና፣ ያቺ ቀኝ አጭር ነበረች፣ አገጩ ላይ አረፈች። ሞረር በጀርባው ወደቀ፣ ዳኛው አሥር ቆጠረ፣ ፎርማን ጥግ ላይ ተንበርክኮ ጸለየ። ዕድል ከነበረ ዘጠኝ ዙር ሙሉ ተደብድቦ የገዛው ዕድል ነው።

ጓደኞችህ መከራከሪያ ካማራቸው ከስድስት ወር በኋላ ከጀርመኑ አክሰል ሹልዝ ጋር ያደረገውን ያምጡ። እዚያ ላይ አፌን እይዛለሁ፤ በእኔ ዓይን ያን ዕለት ያዳኑት ዳኞቹ ናቸው።

ለጋሼ ደግሞ እንዲህ በላቸው፦ የመጨረሻ ውጤቱ 76 ድል፣ 5 ሽንፈት ነው። ከ76ቱ 68ቱ በዝረራ። አሊ ያሸነፈው ከአምስቱ በአንዷ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፎርማን አምስቱንም ወንዶች ልጆቹን ጆርጅ ብሎ ሰይሟል ይለኛል። እየቀለደብኝ ነው አይደል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አልቀለደብሽም እህቴ። አምስቱም ጆርጅ ናቸው፣ ከሴቶቹም አንዷ ጆርጌታ ናት። ቤት ውስጥ በቅጽል ስም ነው የሚጠራሩት። እኛ አገር ቢሆኑ ኖሮ አምስቱም «ጆርጅ ጆርጅ» ተብለው ቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ሲሰለፉ አስቢው።