ከልጆች ጋር ሻማ ለመሥራት ከጧፍ ጀምሪ

እህታችን የ5 እና የ9 ዓመት ልጆቿን ይዛ በክረምቱ ዕረፍት ቤት ውስጥ ሻማ መሥራት አስባለች። ያስፈራት የጋለው ሰም ነው። «ከየት ልጀምር? ቀለምና ሽታስ እንዴት ይጨመራል?» ብላ ጠይቃለች። ከልጆቼም ከጎረቤት ልጆችም ጋር ደጋግሜ የሠራሁት ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስላት።

እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። በየቪዲዮው የምናየው ብርጭቆ ውስጥ የሚቀዳ ሻማ ለልጅ የሚሆን ሥራ አይደለም። የሚያቀልጠውም የሚቀዳውም ትልቅ ሰው ነው። ልጁ ቆሞ ያያል፣ ትንሽ ቆይቶ ይሰለቻል። እኔ የምመርጠው ልጁ በገዛ እጁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሠራውን ነው። እሱም ጧፍ ነው። ልጆቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲበራ ያዩታል፤ ከምን እንደሚሠራ ግን ብዙዎቹ አያውቁም።

የሚያስፈልግሽ ሁለት ነገር ነው፦ የንብ ሰምና የጥጥ ማግ። ማጉ ጥጥ መሆን አለበት። ናይሎን ያለበት ክር ይቀልጣል እንጂ ሰሙን አይመጥም። ንጹሕ ሰም ካላገኘሽ ጠጅ ከሚጥል ሰው ሰፈፍ፣ ማለትም ጠጁ ላይ የሚንሳፈፈውን ሰም ያለበት ጉድፍ፣ ለምኚ። ሰፈፉን ውሃ ጨምረሽ በአሮጌ ድስት አፍይው፣ ትኩስ እያለ በአሮጌ ነጠላ አጥልዪው፣ ከዚያ እንዲያድር ተዪው። ጠዋት ሰሙ ከውሃው በላይ ረግቶ ታገኚዋለሽ። ከሥሩ የተጣበቀውን ጉድፍ በቢላ ፋቂው። ይህን ልጆቹ ሳይኖሩ ሥሪው፤ የረጋውን ሰም ከውሃው ላይ ማንሳቱን ግን ለእነሱ አስቀሪላቸው። በጣም ይወዱታል።

ለ5 ዓመቷ እሳት ጨርሶ አያስፈልግም። የንብ ሰም ለብ ሲል እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ቁራሹን ፀሐይ ላይ፣ ፀሐይ ከሌለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዪላት። ሲለሰልስ ታሸዋለች፣ ጠፍጠፍ ታደርገዋለች፣ ማጉን መሃል አስገብታ በመዳፏ ታንከባልለዋለች። ይጣመማል። ይጣመም። አንቺ ደግመሽ እንዳታስተካክዪባት፤ የራሷ መሆኑ የሚቀረው በዚያ ነው።

የ9 ዓመቱ መንከር ይችላል። ሰሙን በቀጥታ ጋዝ ላይ እንዳትጥጂ። ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ አድርጊ፣ ከሥር ጨርቅ አንጥፊ፣ ሰሙን በረጅም ጠባብ ጣሳ ውስጥ ከተሽ መሃል አቁሚው። የንብ ሰም የሚቀልጠው 63 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው እስካለ ድረስ ሰሙ እሳት ወደሚይዝበት ሙቀት አይደርስም። አደጋው ውሃው ሲያልቅ ነው፤ እየጨመርሽ ጠብቂው፣ አንድም ደቂቃ ጥለሽው አትሂጂ። ክዳን አጠገብሽ ይኑር። ድንገት ቢያያዝ ምድጃውን አጥፍተሽ ክደኚው። ውሃ ጠብ እንዳታደርጊበት፣ እሳቱን ይረጨዋል።

ሲቀልጥ ጣሳውን ከምድጃው አውርደሽ ጋዜጣ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። ልጁ ማጉን አንዴ ነክሮ ትንሽ ያቆየዋል፣ ሰሙን እስኪጠጣ። አውጥቶ በሁለት እጁ ወጥሮ ያቀናዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ነከር አድርጎ ማውጣት ብቻ ነው። ብዙ ካቆየው ቀድሞ የያዘው ሰም ተመልሶ ይቀልጣል። በየመሃሉ መቀዝቀዝ አለበት፤ እኔ ልጆቹን ጠረጴዛውን እያዞርኩ በተራ ነው የማስነክራቸው። ዞረው እስኪመለሱ ሰሙ ይረጋል፣ ግፊያም የለም። ጣሳው ውስጥ ያለው ሲወፍር መልሰሽ አሙቂው።

ቀለም ላልሽው፦ የምግብ ቀለም ውሃ ስለሆነ ከሰም ጋር አይዋሐድም። ክሬዮን ደግሞ ክሩን ይደፍነዋል፣ ሻማው ቶሎ ይጠፋል። ሽቶ በፍጹም አትጨምሪ፣ አልኮል አለበት። የንብ ሰም የራሱ ቢጫ ቀለምና የማር ሽታ አለው፤ ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ የለም። የደረቀ አበባና ቅጠል መለጠፍም ይቅር፣ ይቀጣጠላል።

መብራት ሲጠፋ የምናበራው ነጭ ሻማ ቁራጭ ካለሽ ለብቻው በዚሁ መንገድ አቅልጠሽ በእንቁላል ቅርፊት መቅዳት ይቻላል። ቅርፊቱን እንቁላል መያዣ ካርቶን ላይ አቁሚው። ሲቀዘቅዝ መሃሉ ስለሚጎደጉድ ትንሽ ሰም አትርፈሽ ሙዪበት። መቅዳቱ ግን ያንቺ ሥራ ነው።

ትኩስ ሰም እጅ ላይ ቢንጠባጠብ ወዲያው የቧንቧ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ አቆዪው። የተጣበቀውን ሰም ጎትተሽ አትላጪ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና የሚባለውን ማንም ቢመክርሽ አትስሚ። ውሃ ከቋጠረ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። የተረፈ ሰምም የእቃ ማጠቢያ ውስጥ አይደፋ፣ ቧንቧውን ይዘጋል፤ ጣሳው ውስጥ ረግቶ ለሌላ ቀን ይቀመጥ።

ብዙ ከመሥራታችሁ በፊት አንዱን አብርታችሁ እዩ። እሳቱ ረዝሞ ካጨሰ የማጉን ብዛት ቀንሺ፤ በሰሙ ተውጦ ከጠፋ ጨምሪ። የሚለኩሰው ትልቅ ሰው ነው።

አሁን ከጀመራችሁ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል፤ ልጆቹ ከሚያዞሩት ሥዕል ጋር አንዳንድ ጧፍ ለአያትና ለጎረቤት መስጠት ይችላሉ። ሰሙ እስኪገኝ ድረስ ታላቁን ማጉን በሦስት መጎንጎን አስጀምሪው።