ስማቸው ከበሩ ወርዷል፣ ሥራቸውስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ጎንደር ሚድዋይፈሪ የምማር ተማሪ ነኝ። አያቴ ስለ ልዕልት ፀሐይ አውርታ አትጠግብም። «የንጉሥ ልጅ ሆና በሽተኛ ታስታምም ነበር» ትለኛለች። ዶርም ውስጥ ሳነሳው ግን ጓደኞቼ ሳቁብኝ። በ22 ዓመቷ የሞተች፣ ሆስፒታሏ እንኳ ስሙ የተቀየረ ልዕልት ምን ትታ አለፈች አሉኝ። ለጎንደር ከሆነ ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ይበቁናል አሉ። እውነት ልዕልት ፀሐይ ለእኛ ምናችን ናቸው?
ከጎንደር አንዲት አንባቢ

መልስ፦ እህታችን፣ አያትሽ ልክ ናቸው። የጓደኞችሽ ጥያቄም ባዶ አይደለም፤ ስለዚህ በደንብ እንየው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው። ጣልያን ሲወረን ቤተሰቡ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ተሰደደ። እሳቸው ታዲያ በስደት ቤት አልተቀመጡም። ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ፤ በ1939 ጨርሰው ደግሞ ጋይስ ሆስፒታል ቀጠሉ። አስቢው እስቲ፣ አገልጋይ ሲታዘዛቸው ያደጉ ልዕልት የሰው ልጅ ሽንት ጨርቅ ሲቀይሩ፣ ቁስል ሲያጥቡ፣ ሌሊት ተረኛ ሆነው ሲያድሩ። እኔ ለዚህ ብቻ እንኳ አከብራቸዋለሁ።

ከነጻነት በኋላ አገራቸው ገቡ። አብይ አበበን አግብተው ወደ ወለጋ ሄዱ። በነሐሴ 1942 ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። አንቺ ሚድዋይፍ ልትሆኚ ነውና ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ይገባሻል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ ራሷ ነርስ የሆነች ሴት በዚህ ከሞተች፣ ሐኪም አይታ የማታውቀዋ የባላገር ሴት እንዴት ትሆን ነበር?

ከዚያ በኋላ ሥራውን ሌሎች አነሡት። ወረራውን ስትቃወም የኖረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ለመታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ አሰባሰበች፤ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። ጓደኞችሽ ስሙ ተቀይሯል ያሉት እውነት ነው። እኔንም ያሳዝነኛል።

ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ1959 ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች፣ ለ3 ዓመት ኮንትራት ፈርመው የመጡት እዚሁ ሆስፒታል ነው፤ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ። እዚያ ሲሠሩ ፊስቱላ (ምጥ ሲረዝም በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የሚከፈት ቀዳዳ) ያለባቸው ሴቶች በራቸው ላይ መጡ። ምጥ ቀናት ፈጅቶባቸው፣ ልጃቸው ሞቶ፣ ሽንታቸው ሳያቋርጥ እየፈሰሰ፣ ከባልና ከጎረቤት የተለዩ ሴቶች። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናውን ከመጽሐፍም ከሌሎች ሐኪሞችም እየተማሩ ማዳን ጀመሩ። በሽተኛው በዛ። በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ ድረስ እዚሁ ኖሩ። እስከ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመዋል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከፊስቱላ ሆስፒታሉ ቅርንጫፎች አንዱ ባሕር ዳር ነው፣ በ2005 የተከፈተው። ከጎንደር ዙሪያ ገጠር የምትመጣ ፊስቱላ ያለባት ሴት አዲስ አበባ ድረስ ሳትንከራተት እዚያ መታከም ትችላለች። በ2007 ደግሞ የሐምሊን የሚድዋይፎች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከገጠር የመጡ ሴት ተማሪዎችን አስተምሮ በገጠር ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ይልካል። ይኸው፣ ያንቺው ሙያ።

ይህን ሁሉ ልዕልት ፀሐይ ሠሩት አልልም፤ ውሸት ይሆናል። የሲልቪያን፣ የሐምሊኖችንና የስንት ኢትዮጵያዊ ነርስ ልፋት መርሳት ይሆናል። ግን ያ ሆስፒታል በእሳቸው ሥራና ሞት ምክንያት ባይሠራ ሐምሊኖች የሚመጡበት በር አልነበረም።

እቴጌ ምንትዋብን በተመለከተ ከጓደኞችሽ ጋር አልጣላም። ቁስቋምን አሠርተው፣ መሬት ሰጥተው፣ ሊቃውንት የሚኖሩበት ደብር አደረጉት። በዘመናቸው ትልቅ ነገር ነው። የሁለቱ ሥራ አይፎካከርም፣ አንዷን ለማክበር ሌላዋን መጣል አያስፈልግም።

ለልምምድ የምትወጪበት ጊዜ ሲደርስ መምህራንሽን ባሕር ዳር ፊስቱላ ማዕከል መሄድ ይቻል እንደሆነ ጠይቂያቸው። ከቻልሽ የሳቁትንም ጓደኞችሽን ይዘሻቸው ሂጂ።