«ትዘገያለሽ» ለተባለችው ቴክኒሻን

ውድ እኅቴ፣ በኤሌክትሮኒክስ ደረጃ 4 አጠናቀሽ በጥገና ቤት መቀጠርሽን፣ የጊታር አምፕሊፋየር ቲዩብ (ድምፁን የሚያጎላውን የመስታወት ቫልቭ) በቀየርሽ ቁጥር የባያሱን ከረንት (ድምፅ ሳይገባ በቲዩቡ የሚያልፈውን ከረንት) ለክተሽ በደብተር ስለምትመዘግቢ አሠሪሽ «ትዘገያለሽ፤ ቲዩቡ በሙቀት ካልቀላ በቂ ነው» እንደሚሉሽ፣ አባትሽም ይህን ሰምተው ወደ አካውንቲንግ እንድትዞሪ እንደሚወተውቱሽ ጽፈሻል። «ለሙያው አልተፈጠርሁ ይሆን?» ላልሽው መልሴ፣ ሙያው የሚፈልገው ይኸው የምትወቀሺበት ጠባይ ነው የሚል ነው።

በካቶዱ (ኤሌክትሮን በሚለቀው የቲዩቡ ክፍል) እና በግራውንዱ መካከል ባለ 1 ኦም ሬዚስተር አስገብተሽ ቴስተርሽ 35 ሚሊቮልት ሲያሳይሽ፣ 35 ሚሊአምፒር እያለፈ መሆኑን ታውቂያለሽ። ከካቶድ እስከ ፕሌት (ኤሌክትሮኑን እስከሚቀበለው ክፍል) 450 ቮልት ካለ ደግሞ ፕሌቱን የሚያሞቀው ኃይል 15.75 ዋት ይሆናል፤ ኢኤል 34 የተባለው ቲዩብ ፕሌት እስከ 25 ዋት ድረስ ስለሚችል፣ ብዙ ቴክኒሻኖች ከሚጠብቁት የ70 በመቶ ወሰን በታች ነሽ። የስክሪኑ (በካቶዱና በፕሌቱ መካከል ያለው ክፍል) ከረንትም በዚያው ሬዚስተር ስለሚያልፍ የፕሌቱ ድርሻ ትንሽ እንደሚያንስ በደብተርሽ ዳር መጻፍሽ በጣም አስደስቶኛል። ፕሌቱ እስኪቀላ የሚጠብቅ ሰው ግን የሚያውቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ለዓመታት የሬዲዮ ማሰራጫ እጠግን ነበር። አንድ ሌሊት «ትናንት ተለክቷል» ያለኝን ባልደረባ አምኜ፣ ሳልለካ ማሰራጫውን አስነሣሁ፤ ሁለት ቲዩቦች ተቃጠሉ፣ ጣቢያውም እስኪነጋ ዝም አለ። ምክሬን ስትመዝኚ ያ ሌሊት እንዳለበት እወቂ።

አባትሽ አካውንቲንግን የመረጡት የቢሮ ሥራ ያስከብራል ብለው እንጂ አንቺ የሒሳብ መዝገብ ስለምትወጂ አይደለም፤ ለማትወጂው ዲግሪ ዓመታትሽን አትክፈዪ። ስለ ኤሌክትሪኩ የሚፈሩት ግን እውነት ነው፦ አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊይዙ ይችላሉና፣ የያዙትን ቻርጅ አስወግደሽ በቴስተር ሳታረጋግጪ እጅሽን አታስገቢ። ደመወዝሽን በተመለከተ፣ ቲዩብ ብቻውን ቤት አያቆምም፤ ኢንቨርተርና የሕክምና መሣሪያ ጥገና ጨምሪበት።

ከአሠሪሽ ጋር አትከራከሪ። ሬዚስተሩን በየአምፕሊፋየሩ ውስጥ በቋሚነት በይጂው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ልኬቱ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ቀድሞ የሠራሽው አምፕሊፋየር ሲመለስ አጠገብሽ ቆመው ቁጥሩን ራሳቸው ያንብቡት።