«ማኅተም ብቻ ይምቱልኝ»

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ እዚሁ ሐዋሳ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ዓይነት ሰው በጣም ያናድደኝ ነበር። ዕቃው ተገዝቷል፣ ብሩ ወጥቷል፤ ከዚያ ፋይሉን ታቅፎ ይመጣና «ጋሼ፣ ማየትም አያስፈልግዎ፣ ማኅተም ብቻ ይምቱልኝ» ይላል።

እኔም በጸሎቴ ይህንኑ ሳደርግ እንደኖርኩ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በቀደም አንድ የጎረቤት ልጅ ቤቴ መጣ። ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ዓረብ አገር ሊሄድ ነው። ፓስፖርቱ ወጥቷል፣ ለደላላው ግማሹ ተከፍሏል፣ እናቱ ግን አልሰማችም። «ጋሼ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ እንዲሆን ጸልዩልኝ» አለኝ።

«ፈቃዱ ካልሆነስ፣ ትቀራለህ?»

ዝም አለ። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ዝም አለ። በመጨረሻ «ግን በሩ ተከፍቷል እኮ» አለኝ።

እቺን «በር ተከፈተ» የምትባል ነገር እፈራታለሁ። ዮናስም እኮ በር ተከፍቶለት ነበር! ነነዌ ሂድ ተብሎ ኢዮጴ ሲወርድ፣ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አገኘ። ዋጋውንም ከፍሎ ተሳፈረ። ሁሉም ሞላለት። ጳውሎስ ደግሞ በራእይ ተጠርቶ መቄዶንያ ተሻገረ፤ ፊልጵስዩስ ላይ የጠበቀው ግን ዱላና እስር ቤት ነው።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ቀመር የለኝም። ቃሉ በግልጽ የከለከለውን ደግሞ መጠየቅ አያስፈልግም። ከእናት የሚደበቅ ነገር ካለ እዚያ ላይ ቆም በሉ። የንስሐ አባታችሁን የምታማክሩ ከሆነም ደላላው ብር ከመቀበሉ በፊት ይሁን።

ሌላው የሚያሳስበኝ፣ ለፈቃዱ መገዛት ምንም አለመፈለግ የሚመስላችሁ ነገር ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ መጀመሪያ የለመነው «ይህችን ጽዋ ከእኔ ውሰድ» ብሎ ነው። «የአንተ ፈቃድ ይሁን» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ያንንም ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ጸለየ። እኛ ጨዋ ለመምሰል የመጀመሪያውን እንዘለዋለን። የምትፈልጉትን ንገሩት እንጂ። አልቅሱም።

እኔ ደግሞ የዘለልኩት ሁለተኛውን ነው። ወጣት ሳለሁ ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ጠይቄ ነበር። እናቴ እዚያ ታማለች። ደብዳቤዬ የሆነ ሰው መሳቢያ ውስጥ ከርሞ፣ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ገብርኤል ሄድኩ። ሕዝቡ አቡነ ዘበሰማያት ሲደግም አብሬ ጀመርኩ። «ይኩን ፈቃድከ» ላይ ስደርስ አፌ ተዘጋ። ለወራት እንዲያ ሆንኩ፤ እቺን ቃል ስትደርስ ዝም እላለሁ፣ «በከመ በሰማይ» ሲባል ተመልሼ እገባለሁ።

እናቴ ስታርፍ አልደረስኩም። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ አውርቶ ሲጨርስ «ለካ ለበጎ ነበር» ይላል። እኔ እንደዚያ ለማለት አፌ አይደፍርም። ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ብቻ አንድ ቀን ቤቴ ቆሜ ስጸልይ ቃሏን ብያት አልፌአለሁ። ያወቅኩት ጸሎቱን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

አደራ፣ ይህን ስል «ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» ብሎ ሲቪውን ሳያስገባ ለሚተኛው ልጅ ምክንያት እየሰጠሁት አይደለም። እሱ እዚሁ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ አስጋሪዎቹን ይይ። መረቡን ማታ ይጥላሉ፣ ንጋት ላይ ያወጣሉ። አንዳንዴ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይትረፈረፋል። አንዳንዴ ትራፊ የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ ሳይቀሩ ቅር ብሏቸው ይቆማሉ። ባዶ የወጣውን መረብ ግን ማንም ጥሎት አይሄድም። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ቀዳዳውን ይሰፋሉ። ጴጥሮስም «ሌሊቱን ሁሉ ስንደክም ምንም አልያዝንም፤ ነገር ግን በቃልህ መረቦቹን እጥላለሁ» ሲል መረቡ ታጥቦ ተዘጋጅቶ ነበር።

ልጁ ትናንት ደወለልኝ። ለእናቱ ነግሯታል፤ አልቅሳለች። ደላላው ብሩን አልመልስም ብሏል። «አሁንስ ምን ላድርግ ጋሼ?» አለኝ። እኔ እንጃ፣ አልኩት። ቅዳሜ ማለዳ አሞራ ገደል እንገናኝ፣ መጀመሪያ አብረን እንጸልያለን፣ ከዚያ የዓሣ ሾርባ እጋብዝሃለሁ።