ናይስ ሰው፦ አሪፍ ወይስ ጨዋ?

ጥያቄ፦ ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። ለእንግሊዝኛ የቤት ሥራ «ማይ አንክል ኢዝ ናይስ» የሚለውን «አጎቴ ጨዋ ነው» ብሎ ተረጎመ። መምህሩ በቀይ ሰርዘው «አሪፍ ነው» ብለው አረሙት። የቱ ነው ልክ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጥያቄዎ ከደብረ ብርሃን መምጣቱ በራሱ ደስ አሰኝቶኛል። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ከናይስ እንጀምር። ሥሩ ላቲን ነው፣ «ኔስኪዩስ»። «ኔ» አፍራሽ ናት፤ «ስኪሬ» ማወቅ ነው። አንድ ላይ «የማያውቅ» ይሆናሉ። ሳይንስም ከዚያው ከ«ስኪሬ» ስለሚወለድ ሁለቱ የሥጋ ዘመድ ናቸው! ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል እ.ኤ.አ. በ1300 ገደማ እንግሊዝኛ ሲገባ ስድብ ነበር፤ ቂል እንደ ማለት። ቆይቶ ዓይናፋር፣ መራጭ፣ ጥንቁቅ እያለ ሄደ። «ደስ የሚል» የሆነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬም «ናይስ ዲስቲንክሽን» ካሉ ረቂቅ ልዩነት ማለታቸው ነው እንጂ ጥሩ ልዩነት ማለታቸው አይደለም።

አሪፍ ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ አዋቂ ማለት። በዐይኑ ዐ «ዐሪፍ» ተብሎ ቢጻፍ እወድ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ! እንግዲህ መምህሩ የማያውቀውን አዋቂ አደረጉት። በዚህ አልወቅሳቸውም። የቃል አያት የቃል ፍቺ አይደለም።

አሁን ወደ ጨዋ። በግዕዝ «ፄወወ» ማረከ ነው፤ «ፄዋ» ምርኮ። «ፄ» ወደ «ጨ» ዞረና ጨዋ ተባለ። በመካከለኛው ዘመን ጨዋ የንጉሥ ጭፍራ መጠሪያ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የጨዋ ጭፍሮችን በየአገሩ አስፍረዋል። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩትም እሳቸው ናቸው፤ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ምርኮኛው ወታደር ሆነ፣ ወታደሩ የደህና ሰው ልጅ ሆነ፣ ከዚያ ምግባሩ ያማረ ሁሉ ጨዋ ተባለ። ቤተ ክህነት ግን ሌላ ፍቺ አላት። እዚያ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ከካህን ወገን ያልሆነ ነው። ይኸው «የማያውቅ»! ናይስና ጨዋ ሳይተዋወቁ አንድ መንገድ ሄደዋል።

«ጨዋ ከጨው ነው፤ ጣዕም ያለው ሰው ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ሲሰሙት ያምራል። ግን ምርኮኛውንና ወታደሩን የት ሊጥሏቸው ነው? ድምፅ ስለተቀራረበ ብቻ ዝምድና አይቆጠርም።

ስለዚህ ለእኔ ጆሮ ልጅዎ ልክ ነው፤ ያውም በጣም። ሆኖም አንድ ነገር ልመን። የዛሬው ጨዋ ጠብቧል። ቁጥብ፣ ዝምተኛ፣ ሥርዓት የያዘ ሰው ነው ትዝ የሚለን። ናይስ አጎት ግን የሚያጫውት፣ ኪሱን የማይቆጥብ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግ ወይም ተጫዋች ነው። ሻይም ናይስ ይባላል፤ «ጨዋ ሻይ» አይባልም። እዚያ ላይ አሪፍ አሸንፏል። እኔ ብሆን «ማለፊያ ሻይ» እላለሁ፤ «ሸጋ» ማለትም አለ፤ ካፌ ገብተው ቢሉት ግን አስተናጋጇ ትስቃለች። ብርድ ልብስ «ናይስ ኤንድ ዋርም» ሲባል ደግሞ ናይስን ለብቻው አይተርጉሙት። «ሞቅ ያለ» ይበቃል፤ ለደብረ ብርሃን ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

«አሪፍ አጎት አለኝ» የሚል ወጣት ስሰማ ጆሮዬን ይጎረብጠዋል። ሰሚው ግን ያለችግር ይረዳዋል፤ አማርኛ አይደለም ልል አልችልም። ከመምህሩ ጋር የምጣላው አሪፍን ስለጻፉ ሳይሆን ጨዋን ስለሰረዙ ነው። አጎትየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ልጁ ይንገራቸው። ተጫዋች ከሆነ አሪፍ ይቆይ፤ ረጋ ያለ ሰው ከሆነ ግን ልጁ ነጥቡን ያስመልስ።