መልስ፦ ጨርቅ በሌዘር ሲቆረጥ ጠርዙ ይጠቁራል?

ጤና ይስጥልኝ። ለቀሚስ የሚሆን ነጭ ጥጥና ፖሊስተር በሌዘር (በብርሃን ጨረር በሚቆርጥ ማሽን) መቁረጥ ይቻል እንደሆነ፣ ጠርዙም ይጠቁር እንደሆነ ጠይቀዋል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የሚያወጣውን 10.6 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር ሁለቱም ጨርቆች በደንብ ስለሚመጥጡት መቁረጡ አያስቸግርም፤ ልዩነቱ ጠርዙ ላይ ነው። ፖሊስተር ቀልጦ ወዲያው ስለሚረጋ ክሩ አይተረተርም፤ ሆኖም የረጋው ጠርዝ ጠንከር ብሎ ቆዳን ስለሚቧጭር፣ በተለይ አንገትና ብብት ላይ፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ መሰፋት አለበት። ጥጥ ግን አይቀልጥም፣ ይቃጠላል፤ ስለዚህ በነጩ ላይ ቡናማ መስመር ይታያል፣ በጣት ሲነካም ጥላሸት ይለቃል። ኃይሉን ቀንሶ ፍጥነቱን መጨመርና መቁረጫው ላይ አየር እንዲነፋ ማድረግ ይህን ያቃልለዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ እንደ እኔ ከሆነ የቀረውን ለስፌት በሚተወው ትርፍ ውስጥ መደበቅ ይሻላል። ፖሊስተርን ደራርበው አይቁረጡ፤ ጠርዝ ለጠርዝ ይጣበቃል። ፒቪሲ (ክሎሪን ያለበት የፕላስቲክ ዓይነት) ያለበትን ሰው ሠራሽ ቆዳ ደግሞ በፍጹም አያስገቡ፤ ሲቃጠል የሚወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፣ የማሽኑንም ብረት ያዝጋል። ጨርቅ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ማሽኑ እየሠራ ጥለውት አይሂዱ።