የፊት ጥርሳቸው ስለማይገጥም ልጆች ከሰሜን ሸዋ ወላጆች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ ከደብረ ብርሃን፦ የሰባት ዓመት ልጄ የመንጋጋ ጥርሶቹን ሲገጥም የፊቶቹ አይገናኙም፤ በመካከላቸው ምላሱ ይታያል። ጥርሱን እየቀየረ ስለሆነ በራሱ አይስተካከልም?

መልስ፦ ሐኪሞች ይህን ክፍት ንክሻ ይሉታል። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች በአብዛኛው ከ6 እስከ 9 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሚወጡ፣ ገና በመውጣት ላይ ያለ ጥርስ ከታችኛው ጋር አለመገናኘቱ ብቻውን አያሳስብም። ጥርሶቹ ወጥተው ካበቁ በኋላም ክፍተቱ ካልተዘጋ ግን መንገድ የዘጋባቸው ነገር አለ ማለት ነው፤ ይኸውም ጣት፣ ጡጦ ወይም ምላስ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም የመንጋጋው አጥንት አስተዳደግ ራሱ ነው። በእኛ ቤት ችግሩ ሳይታወቅ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት እንጀራን በእጅ ቆርሰን ስለምንጎርስ ነው። የበቆሎ እሸት ይስጡትና ይመልከቱ፤ በፊት ጥርሱ መግመጥ አቅቶት በጎን የሚታገል ከሆነ፣ ወይም «ሰ» እና «ዘ» ሲል ምላሱ በጥርሶቹ መካከል የሚወጣ ከሆነ፣ ያስመርምሩት። የአሜሪካ የጥርስ አስተካካይ ሐኪሞች ማኅበርም የመጀመሪያው የጥርስ አሰላለፍ ምርመራ ከ7 ዓመት ዕድሜ እንዳያልፍ ይመክራል።

ጥያቄ ከመሐል ሜዳ፦ አምስት ዓመት የሞላት ልጄ አውራ ጣቷን ሳትጠባ እንቅልፍ አይወስዳትም። እናቴ «እሬት ወይም በርበሬ ቀቢላት» ትለኛለች፤ ልቀባት?

መልስ፦ በርበሬውን ፈጽሞ አይቀቧት። በእንቅልፍ ልቧ ዓይኗን ብታሽበት የሚደርስባት ሥቃይ ቀላል አይደለም። እሬት ጡት ለማስጣል እናቶቻችን የተጠቀሙበት ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ልጅቷ ጣቷን የምትጠባው ለመረጋጋት ስለሆነ፣ ምሬቱ እንደ ቅጣት ከተሰማት ተደብቃ መጥባቷን ትቀጥላለች። ጥርስን የሚያንቀሳቅሰው ከመጥባቱ ኃይል ይልቅ ቀንና ሌሊት በድምሩ የሚቆይበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ጣቷ አፏ ውስጥ የሚያድር ከሆነ ትልቁ ሥራ ያለው ሌሊት ላይ ነው። አስረድተዋትና ፈቃደኛ ሆና ማታ ማታ እጇ ላይ ስስ የጨርቅ ጓንት ወይም ካልሲ ያጥልቁላት፤ ሳትጠባ ያደረችበትን እያንዳንዱን ቀን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት አብራችሁ ምልክት አድርጉበት፤ አንዳንድ ሌሊት ብትጠባም አትቆጧት። ቋሚ ጥርሶቿ ከመውጣታቸው በፊት ልማዱን ከተወች ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ሕክምና ይዘጋል። ዕድሜዋ አምስት መሆኑ እጅግ መልካም አጋጣሚ ነው።

ጥያቄ ከአንኮበር፦ ወንዱ ልጄ ዘወትር አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ ሲተኛም ያንኮራፋል። ብርዱ ነው ብለን ተውነው። ጎረቤቶች ደግሞ እንጥሉን እንድናስቆርጠው ይመክሩናል።

መልስ፦ እንጥሉን በጭራሽ አታስቆርጡት፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ለስላሳ ቃል መምረጥ አልፈልግም። የእንጥል መቆረጥ ለደም መፍሰስ፣ ለቴታነስና በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች ያጋልጣል፤ የተዘጋ አፍንጫ ግን አይከፍትም። (ግግ ለማስወጣት የሕፃናትን ድድ መበሳትም እንዲሁ ከሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ ቡቃያ ሊያበላሽ ይችላል።) ብርድ የሚያመጣው መታፈን በቀናት ውስጥ ይለቃል፤ ወራት የዘለቀው ግን ከአፍንጫ ጀርባ የሚገኘው አዴኖይድ የተባለው እጢ ወይም ቶንሲሉ ማበጡን፣ አለዚያም አለርጂን ሊያመለክት ይችላል። አፉ ሁልጊዜ ክፍት ሲሆን ምላሱ ከላንቃው ወርዶ ከታች ይቀመጣል፤ የኋላ ጥርሶቹ ያለ ልክ ይወጣሉ፤ የታችኛው መንጋጋም ወደ ታችና ወደ ኋላ እየዞረ ፊቱ ሊረዝም ይችላል። ስለሆነም ከእኔ ከጥርስ ማስተካከል ሙያ አስቀድሞ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ይየው። መተንፈሻው ሳይከፈት ጥርሱን ማስተካከል የሚያፈስ ጣሪያ ሳይደፈን ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

ጥያቄ ከደብረ ሲና፦ የፊት ጥርስ አለመግጠም በዘር ይመጣል?

መልስ፦ የፊት አጥንት አስተዳደግ ይወረሳል፤ ጣት መጥባት ግን ልማድ ነው። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኙም ይችላሉ።

ጥያቄ ከሸዋ ሮቢት፦ ለስምንት ዓመት ልጄ ከላንቃዋ ሥር ሽቦ እንዲደረግላት ታዘዘ። ያማል? ምን ይሠራል?

መልስ፦ በላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ላይ በሚታሰሩ ሁለት ቀለበቶች የሚያዝና ከፊት ጥርሶች ጀርባ እንደ አጥር የሚቆም ሽቦ ነው። ጣት ላንቃን እንዳያገኝ፣ ምላስም የፊት ጥርሶችን እንዳይገፋ ይከለክላል፤ እንቅፋቱ ሲነሳ ጥርሶቹ በራሳቸው እየወረዱ ይገጥማሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንግግሯ ይኮላተፋል፤ ምራቅም ይበዛባታል፤ ይህ ያልፋል። ቆሎና አጥንት ሽቦውን ስለሚሰብሩ ይከልክሏት፤ ጥርሷን በቀን ሁለቴ በብሩሽ ያጽዱላት። ክፍተቱ እንደተዘጋ ወዲያው አይወጣም፤ ልማዱ እንዳይመለስ ለተወሰኑ ወራት በቦታው ይቆያል። ከሁሉ በፊት ግን ሽቦው ምን እንደሆነ ለልጅቷ ይነገራት፤ ልማዷን ለመተው የምትፈልግ ልጅ መሣሪያውን እንደ አጋዥ ትቀበለዋለች፤ ሳይነገራት የተደረገባት ግን ስትታገለው ትከርማለች።

ጥያቄ ከአረርቲ፦ ጥርሱ ሁሉ ተቀይሮ እስኪያልቅ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቱ ብንጠብቅስ?

መልስ፦ መንስኤው ልማድ ብቻ ከሆነ ያን ጊዜም ይታከማል፤ ነገር ግን ሕክምናው ይረዝማል። መንስኤው አጥንት ሲሆን ግን የቀረው እድገት ትልቁ መድኃኒት ነው፤ በእድገት ዘመን የኋላ ጥርሶችን ያለ ልክ እንዳይወጡ በሚይዙ መሣሪያዎች ሊመራ የሚችለው መንጋጋ፣ እድገቱ ካበቃ በኋላ ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በጎን በሚነሳ የራስ ቅል ራጅ ነው። በጠባዩ ከባድ የሆነው የአጥንት ዓይነት በልጅነት ቢታከምም ሙሉ በሙሉ ላይድን እንደሚችል አስቀድሜ ልነግርዎ ይገባል።

ጥያቄ ከዓለም ከተማ፦ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ተመልሶ ይከፈታል?

መልስ፦ ሊከፈት ይችላል፤ ከጥርስ አሰላለፍ ችግሮች ሁሉ ለመመለስ ከሚቀናቸው አንዱ ነው። ልጁ ሲውጥ ምላሱ ጥርሱን መግፋቱን ካልተወ ክፍተቱ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ነው ምራቅ በሚዋጥበት ጊዜ የምላስን ጫፍ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ላንቃ ላይ አሳርፎ፣ ከንፈርን ገጥሞ መዋጥን ልጁ በየቀኑ እንዲለማመድ የምናደርገው። ልምምዱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እርስዎም ማታ ከእራት በኋላ አብረውት ይለማመዱ፤ የተስተካከለው ጥርስ በቦታው እንዲጸና የሚደረገውን ማቆያ መሣሪያም ሐኪሙ እስኪነግርዎ ድረስ አያስወልቁት።